የተሰበረ መንጋጋ ቀዶ ሕክምና፦ ከአደጋው ሰዓት አንስቶ እንደገና እስከ ማኘክ

መንጋጋ የሚሰበረው በመኪና አደጋ፣ ከሞተር ሳይክልና ከባጃጅ በመውደቅ፣ በጠብ፣ በፈረስና በበቅሎ ርግጫ፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ በመውደቅ ነው። የሐኪሙ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው 6 ሳምንት ግን የታካሚውና የአስታማሚው ነው። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ተሠርቶ ሳለ አጥንቱ ተጣሞ የሚገጥመው፣ ቁስሉ የሚመግለው፣ ታካሚውም ከስቶና ደክሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በነዚያ ሳምንታት ቤት ውስጥ በተደረገውና ሳይደረግ በቀረው ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ባጭሩ፣ ስለ ቤቱ ደግሞ በሰፊው እንጽፋለን።

መመሪያው የታችኛው መንጋጋ ስብራት ላጋጠመው አዋቂ ሰው ነው። የጥርስ አገጣጠሙን ለማስተካከል በቀጠሮ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰውም የምግቡን፣ የአፍ ንጽሕናውንና የመንጋጋ ማፍታቻ እንቅስቃሴውን ክፍል ሊጠቀምበት ይችላል። የእርስዎ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዘ የሐኪምዎን ትእዛዝ ይከተሉ፤ ስብራቱን በዓይኑ ያየው እሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

1. መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሽ ነው። የመንጋጋው የፊት ክፍል በሁለት በኩል ከተሰበረ ምላስን የሚይዘው አጥንት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ምላስ ጉሮሮን ሊዘጋ ይችላል። የተጎዳው ሰው ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ ተቀምጦ ወደ ፊት ያዘንብል፤ ደሙና ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። በጀርባው አታስተኙት።
2. ራሱን ከሳተ አንገቱን ከሰውነቱ ጋር ቀጥ አድርጎ በመያዝ በጎኑ ያስተኙት። በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ ወድቆ መንጋጋው የተሰበረ ሰው አንገቱም ሊጎዳ ስለሚችል አንገቱን ማዞርና ጎትቶ ማንሳት አይገባም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።
3. የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጎዝ ይጫኑ። መንጋጋውን በሻሽ ከአገጭ እስከ አናት መደገፍ ሕመሙን ያቀልላል፤ ነገር ግን ከላላ ድጋፍ አይለፍ። ካስታወከ ወዲያው መፈታት አለበት።
4. የወለቀ ጥርስ ካለ ሥሩን ሳይነኩና ሳይፈትጉ ወተት ውስጥ ከተው ይውሰዱት። ጥርስ ጎድሎ ካልተገኘም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ወደ ሳንባ ገብቶ እንዳይሆን በራጅ መታየት አለበት።
5. ምንም አይብላ፣ አይጠጣ። ማደንዘዣ የሚያስፈልገው በዚያው ቀን ሊሆን ይችላል።

ወጌሻ ቤት ስለመሄድ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የመንጋጋ ስብራት መግጠም አለመግጠሙ የሚለካው በጥርሶች አገጣጠም ነው፤ የሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ንክሻን ያበላሻል። ስብራቱ ጥርስ ባለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ድዱ ስለሚቀደድ አጥንቱ ከአፍ ውስጥ ጀርሞች ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። በእጅ ማሸትም ሆነ በቅቤ መቀባት ይህን አይፈታውም፤ ጊዜ ግን ይበላል። 2 ሳምንት አልፎት የመጣ ስብራት በተሳሳተ ቦታው መያያዝ ስለሚጀምር እንደገና ማላቀቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

የሚከተሉት ምልክቶች ስብራትን ያመለክታሉ፦ ጥርሶች እንደ ቀድሞው አይገጥሙም፤ በጥርሶች ረድፍ መካከል ደረጃ ወይም ክፍተት ይታያል፤ የታችኛው ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛል፤ ከምላስ ሥር ደም ይቋጥራል። አገጩ ላይ የተመታ ሰው ከጆሮው ሥር ካመመው ወይም ከጆሮው ከደማ የመንጋጋው ራስ፣ ኮንዳይል የሚባለው ከጆሮ ፊት ያለው ክፍል፣ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። መንጋጋ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠ አጥንት በመሆኑ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ አይሰበርም። ስለዚህ አንዱ ስብራት ተገኘ ተብሎ ምርመራው አይቆምም። ሙሉውን መንጋጋ በአንድ ፊልም የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ሪፈር ሲጻፍልዎ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል መሆኑን ያረጋግጡ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይህን ሕክምና ይሰጣሉ። አደጋው የተሽከርካሪ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ይያዙ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ጥያቄ ያለ እሱ አይሄድም።

ሽቦ ወይስ ፕሌት?

ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ላይ ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ያለ ቁርጥ የሚሠራው ነው። አርች ባር የሚባል ትንንሽ መንጠቆዎች ያሉት ስስ ብረት በላይኛውና በታችኛው ጥርሶች ላይ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል፤ ከዚያ ላይና ታቹ በሽቦ ወይም በላስቲክ ተያይዞ አፉ ይዘጋል። ጥርሶቹ በትክክል ከገጠሙ አጥንቱም ቦታውን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ኮንዳይል ሲሰበር ጊዜው ያጥራል፤ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ሊደርቅና ሊጣበቅ ስለሚችል ሐኪሙ በ2 ሳምንት አካባቢ ሊፈታው ይችላል። የልጆች አጥንት ቶሎ ስለሚገጥም ለእነሱም ጊዜው አጭር ነው።

ሁለተኛው ቁርጥ ያለው ነው። ስብራቱ ይከፈትና በፕሌት፣ ማለትም በቲታኒየም ስስ ብረት፣ እና በትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል፤ ቁርጡ ብዙ ጊዜ በአፍ ውስጥ ስለሚሆን ፊት ላይ ጠባሳ አይተውም። ጥቅሙ አፍ ቶሎ መከፈቱ ነው። ዋጋው ይበልጣል፣ ፕሌቱም ሁልጊዜ አይገኝም።

ምርጫው የሐኪሙ ቢሆንም ሳይጠየቁም የሚነግሩት ነገር አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ከባድ አስም ያለበት፣ አልኮል አብዝቶ የሚጠጣ፣ ወይም በእርግዝና ምክንያት በየቀኑ የሚያስታውክ ሰው አፉ በሽቦ ሲዘጋ አደጋው ይበዛል። ለእነዚህ ሰዎች ፕሌት የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ አቅም በፈቀደ መጠን ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ፤ በተለይ አስፕሪን፣ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ)፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት። በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ሲጋራ ደም ወደ ቁስሉ በበቂ እንዳይደርስ ያደርጋል፤ የአጥንት መግጠምን የሚያዘገይና መግል የሚያመጣ ዋነኛ ነገር ነውና ዛሬውኑ ይተውት። የቴታነስ ክትባት ካልወሰዱ ይጠይቁ። የተነቃነቀ ጥርስ ካለ ያሳዩ።

ከቀዶ ሕክምናው 6 ሰዓት በፊት ምግብ ይቆማል። ወተት፣ አጥሚትና ወተት ያለው ሻይ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ንጹሕ ውኃ ብዙ ጊዜ እስከ 2 ሰዓት በፊት ይፈቀዳል፤ የሆስፒታሉ ደንብ ግን ይቀድማል። ይህ ለማስቸገር የወጣ ደንብ አይደለም፤ በሰመመን ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

አስታማሚው ወደ ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት የሚከተሉትን ይግዛ፦ ብሌንደር፣ የሻይ ማጥለያ ወይም ቀጭን ወንፊት፣ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ስሪንጅ 2 እና ጫፉ ላይ የሚገባ ለስላሳ ቱቦ፣ የልጆች ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ቫዝሊን፣ ወፍራም ትራስ፣ እና ጥሩ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ። ፒንሳው በቀጭን ሽቦ ላይ ተሞክሮ ይገዛ። ማስታወሻ ደብተርም ይጨመር፤ ለጥቂት ቀናት የሚነጋገሩት በጽሑፍ ነው።

ሲነቁ

የማደንዘዣው ቱቦ ብዙ ጊዜ በአፍንጫ በኩል ይገባል፤ ሐኪሙ ጥርስን ከጥርስ ማጋጠም ስላለበት አፉ ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ ሲነቁ አፍንጫዎ የታፈነ፣ ጉሮሮዎም የተፋቀ ይመስልዎታል፤ በአፍንጫ ትንሽ ደም መውጣቱም የተለመደ ነው። አፍ ተዘግቶ መንቃት ያስደነግጣል። በአፍንጫና በጥርሶች መካከል አየር እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል፤ ቀስ ብለው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ።

እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ መጉደል ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 20 ደቂቃ ይያዙ፣ 20 ደቂቃ ያንሱ። ከንፈርዎ ወይም ጉንጭዎ ከደነዘዘ በረዶው ቆዳውን ቢያቃጥልም አይሰማዎትምና አስታማሚው ቀለሙን ይመልከት። በሁለት ትራስ ከፍ ብለው ይተኙ። ፍል ነገር፣ የጋለ ጨርቅና መታሸት በዚህ ጊዜ እብጠቱን ያብሳሉ።

ማስታወክና የሽቦ መቁረጫው

ይህን ክፍል አስታማሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያንብበው፤ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊትም ሐኪሙ የትኞቹ ሽቦዎች እንደሚቆረጡ መስታወት ፊት በጣቱ ያሳያችሁ።

ሲያቅለሸልሽዎ ይቀመጡና ወደ ፊት ያዘንብሉ። የሚመገቡት ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ ትውከቱም ፈሳሽ ነው፤ በጥርሶች መካከል፣ ከመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ኋላ ባለው ክፍተትና በአፍንጫ ይወጣል። ጉንጭዎን በጣት ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ መውጫውን ያሰፋል። አብዛኛው ሰው ሽቦ መቁረጥ ሳያስፈልገው በዚህ ያልፋል። ከዚያ አፍዎን በውኃ ያጽዱ።

ሽቦው የሚቆረጠው መተንፈስ ሲያቅት ብቻ ነው። የሚቆረጡት ከላይኛው አርች ባር ወደ ታችኛው ቀጥ ብለው የሚወርዱት ናቸው፤ ብረቱን ከጥርስ ጋር ያሰሩት ጥቃቅን ሽቦዎች አይነኩም። በሁለቱም በኩል ያሉት ሁሉ ይቆረጣሉ፣ ቁርጥራጮቹም ወደ ጉሮሮ እንዳይገቡ ተለቅመው ይወጣሉ። የታሰረው በላስቲክ ከሆነ መቀስ ይበቃል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ፒንሳው ቀን ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ፣ ማታ ራስጌ ይሁን። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ፒንሳ የለም እንደማለት ነው። ሽቦው እስኪፈታ ድረስ አልኮል አይጠጡ፤ ያስታውካል፣ ስካር ደግሞ ራስን መርዳት ያሳጣል። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ሲሄዱ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነም ጉዞውን ያዘግዩት።

ምግብ

ሰው በዚህ ጊዜ የሚከሳው ምግብ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ፈሳሽ ምግብ ቶሎ ያጠግብና ቶሎ ያስርባል። 3 ጊዜ መብላት አይበቃም፤ ከ6 እስከ 8 ጊዜ መሆን አለበት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ወደ 1800–2100 ካሎሪና 75–90 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። አጥንት የሚገጥመው በፕሮቲን ነው፤ ቤተሰብ በፍቅር የሚያቀርበው ብዙ ነገር ግን ፕሮቲን የለውም። የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳርና ውኃ ነው። መረቅም ቢሆን ጣዕሙ እንጂ ሥጋው ካልገባበት ጉልበቱ ትንሽ ነው።

የቀኑን ምግብ በዚህ ብርጭቆ ላይ ይመሥርቱ፦

- ፈልቶ የበረደ ያልተቀነሰ ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር
- የወተት ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ
- ለስላሳ የለውዝ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ

በብሌንደር ይመታና ይጠለላል። አንዱ ብርጭቆ ወደ 400 ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። 4 ብርጭቆ ከጠጡ 1600 ካሎሪና 80 ግራም ፕሮቲን አገኙ ማለት ነው፤ የቀረው በአጥሚት፣ በሾርባና በአቮካዶ ይሞላል። ወተት ሆድዎን የሚነፋው ከሆነ በእርጎ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ይተኩት።

የአጃም ሆነ የቡላ አጥሚት ለዚህ ጊዜ የተሠራ ምግብ ነው ማለት ይቻላል። በውኃ ሳይሆን በወተት ይሠራ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ይጨመርበት፣ በስሪንጅ ለማለፍ እስኪበቃ ይቅጠን። አጥሚት ሲበርድ ይወፍራል፤ ድስት ላይ ቀጭን የነበረው ቱቦውን የሚዘጋው ለዚህ ነውና ለብ እንዳለ ይሰጥ።

ሽሮ ይሆናል፤ አሠራሩ ግን ይለወጣል። ነጭ ሽሮ ይሁን፤ በርበሬው የተቆረጠ ድድን ይለበልባል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ከዘይቱ ጋር በብሌንደር ይፈጭ። ለአንድ ኩባያ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በቂ ነው፤ በቀስታ እሳት ለ30 ደቂቃ ይንተክተክና በሻይ ማጥለያ ይጠለል። ማጥለያው ላይ የሚቀረው ጭቅቅት ካልወጣ በአርች ባሩ ሽቦዎች መካከል ይሰገሰግና በማግስቱ ይሸታል። የምስር ክክም እንዲሁ ይሠራል።

ሥጋ ለመስጠት የተፈጨ ሥጋ ወይም የዶሮ ሥጋ በደንብ ተቀቅሎ ከመረቁ ጋር በብሌንደር ይመታና ይጠለላል። የሚፈላ ሾርባ ላይ የተመታ እንቁላል መጨመርም ይቻላል፤ ጥሬ እንቁላል ግን አይሰጥ። በሶ በጣም ቀጥኖና ማር ገብቶበት ለመክሰስ ደህና ነው።

በጾም ወቅት ከሆነ፦ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልል የንስሐ አባትዎ ይነግሩዎታል፤ ያማክሯቸው። ሙስሊም ታካሚም በረመዳን ያለፈውን ሲድን መክፈል ተፈቅዶለታል። የፍስክ ምግብ ላለመብላት የወሰነ ሰው የአኩሪ አተር ወተት፣ የሱፍ ወተት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ምስርና ሽሮ በርከት አድርጎ መውሰድ አለበት፤ የፕሮቲኑን መጠን ለመድረስ ግን ብዛቱ ከወተቱ ይበልጣል።

አመጋገቡ እንዲህ ነው፦ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። የቱቦውን ጫፍ በጉንጭና በጥርስ መካከል ወደ ኋላ ያስገቡ። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ይግፉ፣ ይዋጡ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። አስታማሚው ቸኩሎ ከገፋ ታካሚው ትን ይለዋል፤ ከተቻለ ስሪንጁን ታካሚው ራሱ ይያዝ። ምግቡን አስታማሚው በክርኑ ውስጠኛ ክፍል ይሞክር፤ የደነዘዘ ከንፈር ትኩሱን ሳይነግር ይቃጠላል። ቡናውም ሲቀርብ ይብረድ።

ከምግቡ ሌላ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ይጠጡ። ፈሳሽ ምግብ አሰር ስለሌለው ሆድ ይደርቃል፤ የተጠለለ የተልባ ውኃና የፓፓያ ጭማቂ ይረዳሉ። በየሳምንቱ ይመዘኑ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ3 ኪሎ በላይ ከቀነሰ የምግቡ መጠን አልበቃም፤ ለሐኪሙ ይነገር።

አፍን ማጽዳት

መግል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሽቦ ያለበት አፍ ምግብ ያከማቻል፣ ምላስም እንደ ልቧ አትጠርግም።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። በስሪንጅ ከግራ ጉንጭ ወደ ቀኝ እያፈሰሱ ያጠቡ፣ ጎንበስ ብለው ይትፉት። ብሩሽ ብዙ ጊዜ ከ2ኛው ቀን ጀምሮ ይፈቀዳል፦ መስታወት ፊት ቆመው፣ ከድድ ወደ ጥርስ፣ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ፣ ከብረቱ በላይና በታች። የአፍ ውስጥ ቁርጥ ካለ ስፌቱን ይለፉት። መፋቂያ ለጊዜው ይቆይ፤ ጭረቱ ሽቦ ውስጥ ይሰካል፣ ሽቦውንም ያላላል።

ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ የአፍ ማጠቢያ ከታዘዘ 0.2 በመቶ ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር፣ 0.12 በመቶ ከሆነ 15 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 2 ጊዜ ነው። ከጥርስ ሳሙና ጋር ስለሚከሽፍ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያራርቁት። ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ያብሱታል። በኋላ በጥርስ ሐኪም እጥበት ስለሚለቅ በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳያቋርጡት።

የሽቦ ጫፍ ጉንጭን ከወጋ የጥርስ ሐኪም የሚሰጠውን ሰም በጣት አለስልሰው ጫፉ ላይ ይለጥፉ። ሰሙ ካልረዳ ሐኪሙ ያጥፈው፤ በቤት ውስጥ በፒንሳ ማጣመም ዋናውን ሽቦ ያላላል። ከንፈርን በቀን ብዙ ጊዜ ቫዝሊን ይቀቡ።

መድኃኒት

በፈሳሽ መልክ ያለውን ይጠይቁ። ፋርማሲ የሚሸጠው የፓራሲታሞል ሽሮፕ የተሠራው ለልጆች ስለሆነ ጥንካሬው ጠርሙሱ ላይ ይነበብ፦ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ያለው ከሆነ የ1 ግራም ትእዛዝ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 120 ያለው ከሆነ ግን ወደ 40 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ፤ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይታዘዝለታል። ክኒን ከመፍጨትዎ በፊት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፤ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ ሙሉ መጠኑን በአንዴ ይለቅቃል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ያደርቃል፤ አፉ ለተዘጋ ሰው ሁለቱም ችግር ናቸውና ሕመሙ በሌላ ሲታገሥ ባይወሰድ ይሻላል። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን የሚወስድ ሰው ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይነካም። ፀረ ተሕዋስያኑ እብጠቱ ቢጎድልም እስከ መጨረሻው ቀን ይወሰድ።

ሳይዘገዩ የሚመለሱበት

- መተንፈስ ሲያስቸግር፣ ወይም ከምላስ ሥርና ከአንገት ጀምሮ እብጠት ሲመጣ፤ ይህ ሰዓት የሚሰጥ አይደለም
- ከ4ኛው ቀን በኋላ እብጠቱ ሲጨምር፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ሲመጣ
- የተጫነበት ደም ሳይቆም ሲቀጥል
- ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ፣ ጥርሶች ሲገጥሙ ከትናንቱ የተለየ ስሜት ሲኖር
- ራስ ምታት፣ መፍዘዝ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት ሲታይ፤ ጭንቅላትም ተመትቶ ሊሆን ይችላል

የከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ግን ብቻውን የድንገተኛ ምልክት አይደለም። ነርቩ በአጥንቱ ውስጥ ስለሚያልፍ አብሮ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል። መንዘር ወይም መውረር ሲጀምር የመመለስ ምልክት ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ከፊሉ ሊቀር ይችላል።

ሽቦው ሲፈታ

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈታው ላይና ታቹን ያያያዘውን ብቻ ነው። አርች ባሩ ለ1 ወይም 2 ሳምንት ይቆያል፤ ንክሻው ከሸሸ በላስቲክ ለመመለስ ነው። ስለዚህ «ይህንንስ ለምን አትነቅሉልኝም» ብለው አያስቸኩሉ። ሲነቀል ለድዱ የማደንዘዣ መርፌ ይሰጣል፤ ድዱ ለጥቂት ቀናት ይደማል።

አፍዎ መጀመሪያ ቀን ጥቂት ብቻ ይከፈታል። መገጣጠሚያውና ጡንቻው ስለደረቁ ነው። ጤነኛ አፍ ብዙውን ጊዜ ከ35 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ማለትም የራስዎን 3 ጣት ደርድረው የሚያስገባ ያህል ይከፈታል። ሐኪሙ ሲፈቅድ እንዲህ ይጀምሩ፦

1. ለብ ባለ ውኃ የራሰ ጨርቅ ጉንጭዎ ላይ 10 ደቂቃ ይያዙ።
2. መስታወት ፊት ሆነው አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ። አገጭዎ ወደ አንድ ጎን ከሄደ በጣትዎ ወደ መሃል ይምሩት። ኮንዳይል የተሰበረበት ሰው አገጩ ወደተሰበረው በኩል ይሄዳል።
3. እስኪወጥር ድረስ ከፍተው 10 ሰከንድ ይቆዩ፣ ይዝጉ። 10 ጊዜ ይደጋግሙ፤ በቀን 5 ጊዜ።
4. የምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደርድረው በፊት ጥርሶች መካከል ያስገቡ። አንዱ እንጨት ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በ1 ወይም በ2 ቀን አንድ እንጨት ይጨምሩ።

መወጠር ይጠበቃል፤ የሚወጋ ሕመም ግን ማቆሚያ ነው። በአንድ ወር ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ካልደረሰ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፊዚዮቴራፒ ይመለሱ፤ የቆየ መጣበቅ ኋላ በማፍታቻ ብቻ አይለቅም።

ወደ ማኘክ መመለስ

ሽቦው በተፈታ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ያለማኘክ የሚዋጥ ብቻ ይብሉ፦ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ በወጥ የራሰ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንች፣ ለስላሳ የእንቁላል ፍርፍር። ከዚያ እንጀራ በወጥ፣ ዓሣ፣ የዳቦ ውስጠኛው ክፍል ይከተላሉ። ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ደረቅ ጥብስ፣ ሸንኮራ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማስቲካና ጫት ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ 3 ወር ይቆያሉ። ጫት ለብቻው ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ሰዓታት የሚፈጅ ማኘክ በአንድ ጉንጭ ላይ ስለሚያርፍ ለአዲስ አጥንት ከአንድ ቁራጭ ሥጋ ይከብደዋል።

በፕሌት የታሰረ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። በ2ኛው ሳምንት ሕመም ይጠፋል፣ አፍም ይከፈታል፤ ዳንኩ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ይኖራል። ፕሌቱ የተሠራው ግን አጥንቱን ቦታው ላይ ለመያዝ ነው፤ ሙሉ የንክሻ ኃይል በየቀኑ እንዲሸከም አይደለም። ለ6 ሳምንት በለስላሳ ምግብ ይቆዩ። በዓል ሲመጣ የሚቀርበውን ቁርጥ ወይም ዶሮ እምቢ ማለት ለእንግዳም ለባለቤትም ይከብዳል፤ አስታማሚው አስቀድሞ ለዘመድ ቢነግር ታካሚው ከ«ብላ ብላ» ግፊት ይተርፋል። የታላላቆች ጉርሻም ይቆይ፤ የተጠቀለለ ጉርሻ አፍን ከአቅሙ በላይ ያስከፍታል።

ቀላል ሥራ በ2 ሳምንት አካባቢ መጀመር ይቻላል። ሸክምና የግንባታ ሥራ 6 ሳምንት፣ እግር ኳስና ማንኛውም የግጭት ስፖርት ቢያንስ 3 ወር ይጠብቃል። ፕሌቱ ካልመገለ፣ ካልተላቀቀ ወይም በድድ በኩል ካልታየ በቀር ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ ወረቀትና የራጁን ፊልም ያስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ጥርስ የሚነቅልልዎ ሐኪም ብሎኖቹ የት እንዳሉ ማየት ይፈልጋል።